የአስኳል መንደር የጎደለ ክብደት

ኑ፣ ጠጋ በሉ! አንተም ወዲህ፣ አንቺም ያንን ጥግ ልቀቂና ነይ። እኛ ዘንድ ከክንድ ርቆ ለቆመ ሰው ወግ አይወጋለትም፤ ያደግኩበት አገር ልማዱ ነው። ተጠጋችሁ? እሰይ። እንግዲህ ስለ አስኳል መንደር ልንገራችሁ። ድምፄ ከፍ ካለ አትቀየሙኝ፤ ስለ አገሬ በሹክሹክታ ማውራት አልችልበትም።

ስሙ የማይጠራ አንድ አገር አለ። ዳርቻው ሩቅ፣ ሜዳው ባዶ። ሜዳ ስላችሁ ሣርና ዛፍ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ጠጠር እንኳ የለውም። በዚያ ሁሉ ባዶ መሃል፣ በትልቅ የኳስ ሜዳ እምብርት ላይ እንደ ወደቀች አንዲት የጤፍ ቅንጣት፣ ቁጭ ያለች መንደር አለች። እሷ ናት አስኳል። ተወልጄ ያደግኩባት፣ ሰው የሆንኩባት።

ሜዳው ላይ ፈረሰኞች ይጋልባሉ። ላባ ናቸው፣ ቅልል ያሉ። አንዱን «ያውና እዚያ ጋ» ብላችሁ ጣት ስትቀስሩበት ሌላ ቦታ ነው። እንደ ጭጋግ ሜዳውን ሞልተውት ይውላሉ። ከጎረቤት አገር የሚጨባበጡት እነሱ፣ የሚያዋሱና የሚዋሱት እነሱ፣ አገር ከአገር የሚያጋቡት እነሱ። የአገሩን ስም የሚያስጠሩት እነሱ ናቸው ይባላል። ይባላ! ግን አገሩን በሙሉ አንስታችሁ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት፣ ሚዛኑን የሚያስጎነብሰው ማን ይመስላችኋል? እኛ ነን! ያቺ የጤፍ ቅንጣት! ፈረሰኞቹ ከነፈረሶቻቸው ቢደመሩ የአንዳችንን ክንድ አይመዝኑም። ይህን ስናገር አፌ ይሞላል፤ ምን ላድርግ።

የአስኳል ሰው ሁለት ዓይነት ነው ይላሉ፣ ከሩቅ ያዩን ሁሉ። ግልፍተኛና እርጉ። ግልፍተኛ ማለት ወገቡ ላይ ቀይ መቀነት ያሰረ ነው። መቀነት ካሰረ ሌላ ባለ መቀነት ዓይኑን አያሳየው። ጥላቻው ደግሞ ርቀት አያውቅም፤ ከመንደሩ ወዲህ ጫፍ የተቀመጠው ወዲያ ጫፍ ያለውን ይገፋዋል። እርጉ ግን መቀነት የለውም፤ ማንንም አይገፋም፣ ማንም አይገፋውም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሕዝብ በአንዲት ቅንጣት ውስጥ ታጭቆ እንዴት ኖረ? ገና ድሮ በየአቅጣጫው መበተን አልነበረበትም? ነበረበት እንጂ! ያልተበተነው በመቀባበል ነው።

መቀባበል የመንደራችን ታላቁ ሕግ ነው። ጎንህ ላለው ሰው፣ ክንድህ ለሚደርስበት፣ መቀነትህን ፈትተህ ትሰጠዋለህ። እሱ ሲያስረው ግልፍተኛ ይሆናል፤ አንተ ደግሞ በዚያችው ቅጽበት እርጉ ትሆናለህ። ሳይቆይ ይመልስልሃል፣ ወይም ለወዲያኛው ያቀብላል። ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ መቀነቱ ስንቱን ወገብ ዞሮ ይመለሳል። ሁለት እርጉዎች ጎን ለጎን ቢውሉ፣ ወይም ሁለት ግልፍተኞች፣ ነጭ ጨርቅ ይቀባበላሉ፤ ዋናው ነገር እጅ ሥራ እንዳይፈታ ነው። እኔ ራሴ ከየትኛው ዓይነት ነሽ ብትሉኝ የምመልሰው የለኝም። ጥያቄውን ስትጀምሩ ግልፍተኛ፣ ስትጨርሱ እርጉ። እናቴም እንደዚያው ነበረች፣ አባቴም።

ጥላቻውስ ጠፋ? አልጠፋም! አለ። ግን ክንድ ለክንድ ከደረስን ያ መቀባበል ጥላቻውን ጠቅልሎ ይውጠዋል። ክፋቱ ከክንድ አንዲት ጣት ካለፍክ መቀባበል የለም። ቀነሰ አላልኩም፤ የለም! ጥላቻው ብቻ ተከትሎህ ይመጣል።

ደግሞ ተቃቀፉም አንልም። ደረት ለደረት የተጠጋ ሰው በክርን ይገፋል፤ ፍቅር በልክ ነው። ደግሞ አንድ መደብ ላይ ሁለት ሰው የሚቀመጠው አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ፊቱን ካዞረ ብቻ ነው። ለምን ብትሉኝ አላውቅም። አያቶቻችንም አያውቁም። ግን አንድ ጊዜ እንኳ የጣሰው ሰው የለም፤ እስቲ ይህን የሚል ሌላ አገር አምጡልኝ!

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

የእህቴ ልጅ አንጓች ወደ መንደራችን የገባችው ከሜዳ ነው። እህቴ በአንድ ከባድ መንደር ትኖር ነበር፤ መንደሩ ከብዶ ከብዶ ለሁለት ሲሰነጠቅ ልጅቷ ተስፈንጥራ ወጣች። መቀነት አልነበራትም። ስለዚህ በራችን ላይ ያሉት ግልፍተኞች አልገፏትም፤ እንዲያውም አላዩአትም። ሹልክ ብላ ገብታ ጠርዝ ላይ፣ እኔ አጠገብ፣ ባዶ መደብ አግኝታ ቁጭ አለች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«እቴቴ፣ ልወድቅ ነው» አለችኝ።

«እዚህ ማንም አይወድቅም፤ ያዢ!» ብዬ መቀነቴን ወረወርኩላት።

አሰረችው። መለሰችልኝ። በቃ፣ የእኛ ሆነች! ያን ጊዜ የሚሆነውን ነገር ያላየ ሰው ምን አየ? አዲስ ሰው ወደ አስኳል ሲገባ ሰውነቱ ቅልል ይለዋል፤ ከአካሉ ላይ ቁንጥር ታህል ክብደት ትለቃለች። ከእኛም ከነባሮቹ እንደዚያው ትንሽ ትንሽ ትለቃለች። ያ የተለቀቀው ብርሃን ሆኖ ከመንደሩ ብልጭ ብሎ ይወጣል፤ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ያልፋል። ያኔ እኔ አንድ እልልታ አቀለጥኩ፣ ፈረሰኞቹ ደንግጠው ከመስመራቸው ዘለሉ። አንጓችም ሳቀች። አብሮ ለመኖር ሁሉም ከራሱ ቁንጥር ይለቃል፤ ያ ነው የመግቢያው ወግ። ያልለቀቀ አልገባም። ያልቀለለ የእኛ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ደስታችን ላይ ነው ሊቀ ሚዛን ደጀን የመጣው።

ሊቀ ሚዛን ማለት የአገሩ ክብደት ሁሉ አዛዥ ነው። ከሜዳው ዳር ከሚገኝ ትልቅ አዳራሽ ነው የሚመጣው፤ ከኋላው አሽከር ይጎተታል፣ አሽከር ብቻ! ሚዛኑ ፀሐይ እንዳይመታው ጃንጥላ የሚይዝ አለ። ማንም ሚዛኑ ላይ እንዳይተነፍስ አፍ የሚዘጋ፣ ትንፋሽ ከልካይ የሚባል ሹም አለ። ሚዛኑ ስንት እንዳለ አጎንብሶ የሚያይ፣ አጎንባሽ የሚባል ሹም አለ። እሱ ካጎነበሰ በኋላ «ቀና በል» የሚለው ሌላ ሹም አለ፤ እሱ ካላለው ቀና አይልም። አንድ ጊዜ ያኛው ታሞ ቀርቶ አጎንባሹ እንዳጎነበሰ ከረመ አሉ፤ አሁንም ሲሄድ ወደ አንድ ጎን ነው።

ሊቀ ሚዛን መጥቶ በመጀመሪያ ዓይነታችንን ሊለይ ተነሣ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ከየትኛው ነህ?» አለው አያ ምንውየለትን። አያ ምንውየለት የመንደራችን ታላቅ ነው፤ መሃል ላይ የሚቀመጥ፣ ነገር የሚያበርድ ሰው።

«ግልፍተኛ ነኝ ጌታው።»

«ግልፍተኛ! ወደ ግራ ቁም። አንቺስ?»

«እኔም ግልፍተኛ ነኝ» አልኩ፤ አያ አቀብሎኝ መቀነቱን እያሰርኩ ነበር።

«ወደ ግራ! እንዴ፣ ሽማግሌው፣ መቀነትህ የት አለ?»

«አሁን እርጉ ነኝ ጌታው።»

«አሁን ግልፍተኛ ነኝ አላልክም?»

«አሁን አይደለም፤ ያን ጊዜ ነው።»

ሊቀ ሚዛን ፊቱ ቀላ። «ሰው እንዴት ሁለት ይሆናል! አንዱን ምረጥ!»

«ብመርጥማ ጎረቤቴ ምን ሊቀበለኝ ነው?» አለው አያ፣ ቀስ ብሎ።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ትንፋሽ ከልካዩ ሮጦ መጥቶ አፌን ያዘኝ። ጣቱን ነከስኩት። እውነቴን ነው፣ ነከስኩት! ከዚያ በኋላ እኔ አጠገብ ድርሽ አላለም።

ዓይነት መለየቱ አልሆን ሲለው ሊቀ ሚዛን ወደ ሚዛኑ ዞረ። እነሱ ዘንድ በአዳራሹ ውስጥ በጠርሙስ ቤት የሚኖር አንድ ብቸኛ ግልፍተኛ አለ፤ የግልፍተኛ ልክ እሱ ነው ይላሉ። የእርጉም ልክ ነበራቸው፤ እርጉው ግን ለብቻው አልበረክት እያላቸው ቶሎ ቶሎ ይተኩት ነበር። ለምን እንደማይበረክት ግን አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። ጎረቤት የሌለው ሰው እንዴት ይበረክታል? እናላችሁ የእነዚያን የብቸኞቹን ክብደት በእኛ ራስ ቆጥሮ ደመረ። ከዚያ መንደራችንን እንዳለች፣ ከነሳቃችን ከነግፊያችን፣ ታላቁ ሚዛን ላይ አስቀመጣት። አጎንባሹ አጎነበሰ። ቀና በል ተባለ። ቀና አለ።

«ጎድሏል» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ምን?»

«ጌታዬ፣ አብረው ሲመዘኑ ለየብቻ ከሚመዝኑት ያነሱ ናቸው። ጎድሏል።»

ሊቀ ሚዛን እጁን አጨበጨበ። «ሌቦች!»

አያ ምንውየለት ተነሣ። «ጌታው፣ የተሰረቀ የለም። የለቀቅነው ነው።»

«ለማን ለቀቃችሁት?»

«አብረን ለመኖር። ስንገባ ከየራሳችን ቁንጥር ለቀቅን፤ ብርሃን ሆኖ ሄደ። እናንተም ሜዳ ላይ ሆናችሁ ሞቃችሁት።»

«ብርሃኑ አሁን የት አለ?»

«ሄደ እኮ አልኩ።»

«ሚዛን ላይ ይቀመጣል?»

«ብርሃን እንዴት ብሎ ይቀመጣል ጌታው?»

«እንግዲያው የለም» አለ ሊቀ ሚዛን። «ሕጉ ግልጽ ነው። ሚዛን ላይ ያልተቀመጠ ነገር የለም። የሌለ ነገር ደግሞ አይሰጥም። ያልተሰጠና የጎደለ ነገር የተሰረቀ ነው።»

እኔ መቼ ዝም እላለሁ! «አንተ ሰውዬ፣ ሌባ ሰርቆ ይወፍራል እንጂ ይከሳል እንዴ? እየን! ሁላችንም ከመግባታችን በፊት ከነበርነው ቀለናል። ራሳችንን ሰርቀን ለማን ሸጥነው?»

ፈረሰኞቹ ከሜዳ ሳቁ። ሊቀ ሚዛን ግን በሳቅ የሚመለስ ሰው አይደለም። አዋጁን አስነገረ፤ የጎደለው ክብደት እስኪመለስ ከአስኳል አንድ ሰው በመያዣነት ወደ ሜዳ ይወጣል። የሚወጣው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ጠርዝ ላይ ያለ ሰው ጎረቤቱ በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ለመንቀል ይቀላል ብለው ነው። ጠርዝ ላይ ማን ነበረች? የእኔ አንጓች።

የሳቄ ነገር ያን ጊዜ አበቃ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ስሙኝ። ባለ መቀነት ሰው ሜዳ ላይ ብቻውን ቢጣል ይኖራል፤ ይቆጣል፣ ይንከራተታል፣ ግን ይኖራል። እርጉ ግን አይኖርም። አንድ ወጥ ተጥዶ እስኪወርድ ቢቆይ ነው። ከዚያ ይሰነጠቃል። ከውስጡ አንድ ብቸኛ ግልፍተኛ ይወጣል፣ አንድ እንደ ላባ የቀለለ ፈረሰኛ ይወጣል፣ ደግሞ ግድግዳ የማይመልሰው፣ ማንንም የማያይ፣ ማንም የማያየው አንድ ጥላ ይወጣና እስከ ወዲያኛው ይሄዳል። አንጓች የምትባል ልጅ ግን የለችም። ሦስቱንም ብትጠሩ አቤት የሚል አይኖርም።

«ጌታው፣ መቀነት አስራ ትውጣ» ብሎ ለመነው አያ ምንውየለት።

«መቀነት የመንደሩ ንብረት ነው። መንደሩ ደግሞ ተከሷል። አይወጣም!»

አያችሁ ሕግ ሲያምር!

አንጓችን በገመድ አሰሯት። ገመዱን በፈረስ ጎተቱ። አልተነቃነቀችም። እኛ እኮ አልያዝናትም! ማንም እጇን አልጨበጠም። እንደ ሁልጊዜው መቀነት እናቀብላታለን፣ ታቀብለናለች፤ በቃ። ሌላ ፈረስ ጨመሩ። ሌላ ጨመሩ። የአዳራሹ ፈረስ አልበቃ ሲል ከሜዳው ፈረስ ተዋሱ። ፈረሶቹ አረፋ ደፈቁ፣ ልጓም በጠሱ፣ ሊቀ ሚዛን ራሱ ካባውን ጥሎ ገመዱን ያዘ። እኔ በልቤ እኮራ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ልጄን ሊነጥቁኝ እየጎተቱ፣ እኔ ደግሞ «አያችሁ ምን ያህል የእኛ እንደሆነች!» እል ነበር።

ግን ገመዱ ሳበ፣ ሳበ። ከክንዴ ጫፍ ደረሰች። መቀነቱ በእሷ ወገብ ላይ ነበር፤ ዓይኔ እያየ ፈትታ ወረወረችልኝ። ልማድ ነው! የጎረቤት መቀነት ይዞ መቅረት አታውቅም። እኔ ስይዘው፣ ፈረሶቹ አንድ ጊዜ ሳቡ፣ ከክንድ አንዲት ጣት አለፈች። በቃ። እንደ ክር ነው ብጥስ ያለው። ሜዳ ላይ ወደቀች፤ ያለ መቀነት።

አንስተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጧት። አጎንባሹ አጎነበሰ፣ ቀና በል ተባለ፣ ቀና አለ።

«ጌታዬ! ሙሉ ናት! አንዲት አልጎደለባትም!»

ሊቀ ሚዛን በደስታ ጮኸ። «አላልኩም? መንደሩ ውስጥ ደብቃው ነበር፤ ስትወጣ አመጣችው! ሁሉንም አውጡ! አንድ በአንድ!»

አይ የሰው ሞኝ! ያ ሁሉ ፈረስ ምላሱን አውጥቶ ተዘርሯል፣ ያ ሁሉ ጉልበት ፈሷል፤ የልጅቷ ሙላት የእነሱ የፈሰሰ ጉልበት መሆኑን አላየም። በፈረስ የከፈለውን በሚዛን አገኘሁት ይላል!

አንጓች ግን ሚዛኑ ላይ ሆና መንቀጥቀጥ ጀመረች። «እቴቴ» አለች፣ «ውስጤ ለሦስት እየተሳሳበ ነው።»

መቀነቱን ወገቤ ላይ አጠበቅኩት። አያ ምንውየለት ያደረግኩትን አይቶ ገባው።

«ታንጉት፣ አትሂጂ።»

«ልጄ ናት አያ።»

«አውቃለሁ። ግን መቀነት እንዳሰርሽ ከክንድ ካለፍሽ የእኛው ጥላቻ እንደ ድንጋይ ይወረውርሻል። ሁላችንም ብንወድሽም ይወረውርሻል፤ በእጃችን አይደለም። መመለስ ብትፈልጊም በሩ ላይ ይገፋሻል። ስንት ባለ መቀነት ከሜዳ መጥቶ በራችን ላይ ተመልሷል፣ አይተሻል።»

«መቀነቱን ትቼ ብሄድስ?»

«ሁለት እርጉዎች ሜዳ ላይ በነጭ ጨርቅ ብቻ አይያያዙም። ሁለታችሁም ትሰነጠቃላችሁ።»

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነበር። ካልሄድኩ አንጓች የለችም። ከሄድኩ አስኳል ለእኔ የለችም። ያደግኩባት መደብ፣ አያ ምንውየለት፣ ያ ሳቅ፣ ያ ግፊያ፣ ያ ቀኑን ሙሉ መቀባበል። ያን ያህል ጊዜ አልቆጠርኩም። «አያ፣ ነጩን ጨርቅ ለጎረቤቴ ስጥልኝ» አልኩና ከክንድ ዘለልኩ።

ኧረ ስሙ! መብረር ምን እንደሆነ የማታውቁ! ክንድ እንዳለፍኩ የመንደሬ ግልፍተኞች ሁሉ ጥላቻ ጀርባዬን ገፋው። ሲወዱኝ የኖሩ ሰዎች ናቸው እኮ! ስወረወር አልቅሰው ነበር፤ እያለቀሱም እየገፉኝ ነበር። ትንፋሽ ከልካዩን በትከሻዬ ገጭቼ፣ ጃንጥላውን ቀድጄ፣ ሚዛኑ ላይ ባለፍኩ ጊዜ እጄን ዘረጋሁ። አንጓችም ዘረጋች። ጣት ለጣት ተነካካን።

«ያዢ!» አልኳት።

መቀነቴን ወረወርኩ። አሰረችው። እኔ እርጉ ሆንኩ፤ ነፍሴ ለሦስት ልትሄድ አንዴ ተሳሳበች። «እንኪ እቴቴ!» ብላ መለሰችልኝ። ወረወርኩላት። መለሰችልኝ። በዚያች ቅጽበት ሰውነቴ ቅልል አለኝ፣ የእሷም ቅልል አላት፣ ከመካከላችን ብርሃን ፈንድቶ ወጣ። እንዴት ያለ ብርሃን! ሊቀ ሚዛን በክንዱ ዓይኑን ሸፈነ። አጎንባሹ ለሚዛኑ ቅርብ ስለነበር ቅንድቡ ተለበለበ። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። ከአስኳልም መለሱልኝ፣ ሰማኋቸው፤ ድምፃቸውማ መጥቷል።

መንቀጥቀጡ ቆመ። አንጓች ቆዳዋን ዳሰሰች። «አለሁ» አለች።

አጎንባሹ እንደ ልማዱ አጎንብሶ አየ። ማንም ቀና በል ሳይለው ቀና አለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ጌታዬ... ጎደለ። ሁለቱም ሚዛኑ ላይ እያሉ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ቅድም ሙሉ የነበረችው ጎደለች።»

«ፈትሹዋቸው!» አለ ሊቀ ሚዛን። «አፋቸውን፣ እጃቸውን፣ ጉያቸውን!»

«ምን ልፈትሽ ጌታዬ፣ ዓይኔን ነው ያቃጠለኝ።»

ፈተሹን። የእጃችንን መዳፍ ገልብጠው አዩ። ጥርሴን ቆጠሩ። ጃንጥላ ያዡ የተቀደደውን ጃንጥላ ሳይቀር ገልብጦ አራገፈው። ምን ይውጣ!

እኔም አንጓችን ወደ ጎን አልኳት። «አንጉዬ፣ ስሚኝ። አንቺ ያለ መቀነት ነው የገባሽው፤ በሩ አይገፋሽም። መቀነቱ በእኔ ላይ ሲሆን ጠብቀሽ ወደ አስኳል ሩጪ። ከመሰንጠቅሽ በፊት ትደርሻለሽ። አያ ምንውየለት ይቀበልሻል።»

«አንቺስ እቴቴ?»

«እኔ ባለ መቀነት ሆኜ ሜዳ ላይ እኖራለሁ። ባለ መቀነት አይሞትም።»

አየችኝ። አንድ እርምጃ ራቀች፤ ራሷን ልትነቅል ሞከረች። አልሆነም። ደግማ ሞከረች፣ ጥርሷን ነክሳ። አልሆነም። ከዚያ ተመልሳ ሳቀች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን አደረግሽኝ? ለመለየት እኮ ያንን የለቀቅነውን ብርሃን መልሰን መክፈል አለብን። አንቺ ጋ አለ?»

«የለኝም።»

«እኔም የለኝም። እንግዲህ ምን እናድርግ?»

«ልፋቱ ይቅርብሽ» አልኳት። እሷ ግን ቀድሞውንም ለመሄድ አልፈለገችም፤ ስትሞክር እግሯን አየሁት፣ አልገፋም ነበር። አክስት አትታለልም።

እንዲህ ሆነን መንደር ሆንን። ሁለት ሰው፣ አንድ መቀነት። ከእኛ የምታንስ ቅብብል ያላት መንደር በየትኛውም አገር የለችም፤ ስለዚህ ከሁሉም ታናሿ መንደር የእኛ ናት፣ ይህንንም በኩራት ነው የምነግራችሁ! ስለ ስሟ ብዙ ተከራከርን፤ አንጓች የእኔን ስም ስትል፣ እኔ የእሷን ስል፣ እስካሁን ስም የላትም። ከሜዳው ፈረሰኞች መካከል ፈጠነ የሚባል አንድ ቀልደኛ ልጅ ነበር። ገመድ ሲጎተት ፈረሱን አላዋስም ብሎ ተቀጥቶ የቆመ። መቀነታችንን ሲያይ ፈረሱን ወደ እኛ አዞረ።

«እማማ፣ ፈረሰኛ ያስፈልጋችኋል?» አለኝ።

«ክብደት ካልጨመርክብን ና!» አልኩት።

«እኔ? እኔ እኮ ላባ ነኝ!»

ይኸው በሩቅ ይዞረናል፤ እዚህ ነው ሲሉት እዚያ፣ የሜዳ ጭጋግ። ከጎረቤት የሚያስተዋውቀን እሱ ነው። ይጮኻል፣ ይዘፍናል፣ ስማችንን ያስጠራል።

ሊቀ ሚዛን ግን አልተወንም። ሚዛኑን አስጭኖ ወደ አስኳል እንደ ገና ሊሄድ ሲል ቆም አለ። ሌላ የሚነቅለው ሰው እየፈለገ ጠርዙን ጠርዙን ያያል። እኛንም ዞሮ አየን። ጣቱን ቀሰረ።

«እናንተ ሁለት ሌቦች!» ብሎ ጮኸ፣ ድምፁ ሜዳውን ሞላው። «ያጎደላችሁትን መልሱ! አሁኑኑ መልሱ!»

እኔ መልሼ ልሰድበው አፌን ስከፍት አንጓች ቀደመችኝ። ያቺ ልወድቅ ነው ብላ የመጣች ልጅ፣ ያቺ በገመድ ታስራ የተጎተተች፣ መቀነቱን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ እጇን ሽንጧ ላይ አድርጋ ቆመች። አፌን ይዤ አየኋት። እኔን ነው የምትመስለው!

«ና እንጂ ጌታው!» አለችው። «ና፣ ለያየንና ውሰደው!»

ሊቀ ሚዛን ወደ ፈረሶቹ ዞረ። ፈረሶቹ ሜዳው ላይ ተዘርረው፣ ምላሳቸውን አውጥተው ያለከልካሉ፤ አንዱም ጆሮውን አላነሣም። ጃንጥላ ያዡን አየ። ትንፋሽ ከልካዩን አየ። አጎንባሹን አየ። አጎንባሹ ቀና ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ወደ እኛ እያየ ነበር።

ሊቀ ሚዛን ገመዱን ብቻውን አንስቶ ያዘ። መልሶ አስቀመጠው።